ከቦሌ እስከ ጄዳ፤ የሁለት ሰዓት በረራና የሚቃት ጉዳይ



የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ለሐጅ ለሚነሱ ወገኖቻችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ነው። ከቦሌ እስከ ጄዳው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታው ርቀት 1,400 ኪ.ሜ ያህል ሲሆን፣ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ስለሆነ ሰዓታችሁን መቀየር አያስፈልጋችሁም።

የይፋት ሐጃጅ የሚደክመው በምድሩ ነው። መካ በስተሰሜን ሆና ሳለ እርሱ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ 225 ኪ.ሜ ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ይህ ከበረራው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። አል-ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዘመን የይፋትን ስፋት የጻፈው በቀን ጉዞ ነበር፤ ርዝመቱ 15 ቀን፣ ወርዱ 20 ቀን ብሎ። በእግርና በጀልባ ይሄዱ የነበሩ አባቶቻችን ሚቃት ሲደርሱ ገላቸውን የሚታጠቡበት ጊዜ ነበራቸው።

ዛሬ ግን አውሮፕላኑ በደቂቃ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። አሥር ደቂቃ ያሸለበ ሰው 130 ኪሎ ሜትር አልፎታል ማለት ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሐጅና ለዑምራ ሚቃቶችን ወስነዋል። ለሐጅ ወይም ለዑምራ አስቦ ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ መመለስ፣ ካልተመለሰም በግ ማረድ አለበት። በሰማይ የሚያልፍም በሚቃቱ ትይዩ ሲደርስ ይነይታል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. ዐማን ላይ ተሰብስቦ፣ በሚቃት ትይዩ የሚያልፍ የአየር መንገደኛ ኢሕራሙን እስከ ጄዳ ማዘግየት እንደማይገባው ወስኗል። ጄዳን ለአንዳንድ መንገደኞች ሚቃት የሚያደርጉ ዑለማዎች አሉ፤ አንክድም። ይሁንና ጥንቃቄው በነፃ ነው፣ በጉ ግን በሪያል ነው።

እንግዲህ ለዓመታት ቆጥበው፣ ከብት ሸጠው የሚሄዱ አዛውንት የኢሕራሙን ጨርቅ በትልቁ ሻንጣ ከተው ለሚዛን ቢያስረክቡትስ? ሻንጣው በአውሮፕላኑ ሆድ ነው፤ ጄዳ እስኪያርፉ አያገኙትም። ስለዚህ ገላችሁን አዲስ አበባ ታጠቡ፤ ጨርቁንም እዚያው ልበሱት፣ ወይም በእጃችሁ ያዙት። ሽርጥ ለለመደ የቆላ ሰው ጨርቁ አይከብደውም፤ የአዲስ አበባው ብርድ ነው የሚያስቸግረው፤ ከመነየታችሁ በፊት ጋቢ ደርቡበት። ኒያውና ተልቢያው በሰማይ ይሆናል። የሚቃቱ ማስታወቂያ የሚነገረው ወደ በረራው መጨረሻ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሰዓት ከገባ ወዲህ አትተኙ። እንቅልፍ የሚያሸንፈው ሰው ቀደም ብሎ ቢነይት ኢሕራሙ ይጸናል። ሴቶች የተለየ ልብስ የለባቸውም፤ ኒያው ግን አለባቸው።

«ሁለት ሰዓት ምን መንገድ ነው፣ ሶላት ይቀጠርበታልን?» ለሚሉም፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች የሚለኩት በርቀት ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ብቻ ከዚህ ይበልጣል። ስለሆነም ሐጃጁ የከተማውን ቤቶች አልፎ ሲወጣ ማሳጠር ይችላል፤ ቦሌን አይጠብቅም።

በቀጥታ ወደ መዲና የሚበሩት ግን፣ ርቀታቸው ከ1,700 ኪ.ሜ በላይ ቢሆንም፣ በአውሮፕላን ላይ ኢሕራም የለባቸውም። የእነርሱ ሚቃት ከመዲና ወደ መካ ሲወጡ ዙልሑለይፋ ነው፤ ነጩ ጨርቅ እስከዚያ ሻንጣ ውስጥ ቢቆይ ችግር የለውም።