ትልቅ ሱቅ ቦታ ሲፈልግ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



በዋናው መንገድ ዳር ቤት ያላችሁ አባሎቻችን «ደላላ መጣብን፣ ለትልቅ ሱቅ የሚሆን ቦታ ይፈለጋል አለን፣ ምን እንበለው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ በጉባኤ ፊት እንመልሳለን።

በመጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሱፐርማርኬት ቦታ ብቻ የሚያፈላልጉ ሠራተኞች አሉት። እነዚህ ስኳርና ዘይት አይሸጡም። መንገድ ዳር ቆመው አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራሉ፣ የጭነት መኪና ገብቶ መዞር መቻሉን ያያሉ፣ መብራትና ውሃውን ይጠይቃሉ፣ ኪራዩን ያሰላሉ፣ ከዚያ ይዋዋላሉ፣ ያስገነባሉ። በአዲስ አበባ ሸዋ፣ ፋንቱና ኩዊንስ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ የከፈቱ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ለውጭ አገር ባለሀብት ተከልክሎ የቆየውን የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ፈቀደ። ስለዚህ ቦታ ፈላጊው ይበዛል እንጂ አያንስም።

«ታዲያ ደሎ መና ድረስ ማን ይመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዕቃ ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ሳነቴን ወጥቶ፣ የሐረናን ጫካ አቋርጦ ነው የሚደርሰን። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ነገር ግን የሐረና ቡናና ማርም በዚያው መንገድ ይወጣል፣ ገንዘብም ይገባል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቡና ሲሸጥ የተቆጠረ ገበያተኛና ቡና ሳይደርስ የተቆጠረው አንድ አይደለም። በደህናው ወር ሒሳብ የተቆረጠ ኪራይ በክፉው ወር ላይከፈል ይችላል።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ።

አንደኛ፣ መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ደላላው «መሬትህን ልግዛህ» ካለ ከጅምሩ የተሳሳተ ነገር ነው። የሚሸጠውም የሚከራየውም ቤቱ ነው። የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 ደንግጓል። በቃልና በጭብጨባ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ድርጅት ሁለት መንገድ አለው። ወይ ከእናንተ ይከራያል፣ ወይ ከማዘጋጃ ቤት በጨረታ በሊዝ ይወስዳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ለንግድ ቦታ 70 ዓመት መድቦ ነበር። 70 ዓመት ማለት የልጅ ልጅ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሰማይ የነካ ዋጋም አትጥሩ፣ ቤታችሁንም በርካሽ አትልቀቁ።

ሦስተኛ፣ ትልቅ ስም ዋስትና አይሆንም። በጎረቤታችን ኬንያ ናኩማት የሚባል ሱፐርማርኬት ነበር። ናኩሩ ከተማ ላይ ፍራሽ ከመሸጥ ተነሥቶ በአራት አገሮች ከ60 በላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። በኋላ ዕዳ ወጠረው፣ ኪራይ አልከፍል ብሎ አከራዮች አስወጡት፣ በ2012 ዓ.ም. አበዳሪዎቹ እንዲፈርስ ወሰኑ። ዕቃ ያስረከቡትም ገንዘባቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። እንግዲህ ቅድሚያ ክፍያ፣ ውሉ ሲፈርስ ቤቱን ማን እንደሚያድሰው፣ ኪራዩ በስንት ዓመት እንደሚታይ፣ ሁሉም ይጻፍ።

አራተኛ፣ በዱቤ የሚሰጡን ትንንሽ ባለሱቆች አሉ። ሐዘን ሲደርስብን በሌሊት በራቸውን የምናንኳኳው እነሱን ነው። ትልቁ ሱቅ ዱቤ አያውቅም። ቢመጣም የእኛን ቡና፣ ማርና ሙዝ እንዲረከብ፣ ልጆቻችንንም እንዲቀጥር ከውሉ በፊት እንጠይቅ። ከፊርማ በኋላ የሚሰማን የለም።

በመጨረሻ የምናሳስበው ይህን ነው፦ ማንም አባል ብቻውን አይፈርም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ማኅበሩ ይምጣ፤ ማንበብ የሚችሉ ልጆቻችን ያንብቡለት፣ ሕግ አዋቂ ይይለት። ቤቱ የእሱ ነው፣ ውሳኔውም የእሱ ነው። እኛ የምንለው ዓይኑን ገልጦ ይፈርም ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ