ሬዲዮ ሲታፈን ምስክሩ ማን ነው?

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ከተላለፈ ሳምንታዊ ትንታኔ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ከፖለቲካው ወጣ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእሱው ጋር የተቆላለፈ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ሥልጠናው ስለ «ሶፍትዌር ዲፋይንድ ሬዲዮ» ነው። ግማሾቻችን በማታ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ጆሯችንን ሬዲዮ ላይ ለጥፈን ያደግን ነን። ግማሾቹ እዚህ የተወለዱ፣ አጭር ሞገድ ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ናቸው። አሠልጣኞቹ ግን ልጆቹ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ሬዲዮ ጣቢያ የሚመርጠውም ድምፁን የሚያወጣውም በውስጡ ያለው ዕቃ ነው። በዚህኛው ግን ፍላሽ የምታክል መሣሪያ ሞገዱን ወደ ቁጥር ቀይራ ለላፕቶፕ ታቀብላለች፤ ቀሪውን ሥራ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ይህቺ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራችው በኮምፒውተር ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባለሙያዎች ጥሬውን ሞገድ ማውጣት እንደምትችል ደረሱበት፤ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ የነበረው ነገር በጥቂት አስር ዶላሮች እጃችን ገባ። አጭር ሞገድ ለመስማት ግን ሁሉም ዓይነት አይሆንም፤ ለዚያ የተዘጋጀውን መምረጥ ወይም ተጨማሪ ዕቃ መግጠም ያስፈልጋል።

ዋናው ቁም ነገር ግን መስማቱ ብቻ አይደለም። ሞገዱ በዓይን ይታያል። ስክሪኑ ላይ እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የተለመደው የአጭር ሞገድ ጣቢያ መሐሉ ላይ ደማቅ መስመር፣ ግራና ቀኙ ክንፍ ሆኖ ይታያል። አፈና ሲመጣ ደግሞ ጉም እንደ ዋጠው ተራራ ነው፤ ወጥ የሆነ ጩኸት ሁሉንም ይሸፍነዋል። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት የተቀዳውን አይተው፣ «ልጄ፣ ያ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ይህ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ሬዲዮኔ ተበላሸ ብዬ ስንት ጊዜ አሠራሁት» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ ለማፈን አቅም እየተገነባ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፤ የመዝጋት ልማዱ ግን አልተለወጠም። በ2013 ዓ.ም. ትግራይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶባቸዋል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሕዝቡ የሚመለሰው ወደ ሬዲዮ ነው።

ዝምታ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ዝም ያለው ከዚሁ ከዋሽንግተን በመጣ ትእዛዝ ነው። አድማጩ ጣቢያው ተዘጋ ወይስ ታፈነ የሚለውን በጆሮው ብቻ ሊለይ ይቸግረዋል። ፏፏቴው ግን ይለያል፤ የተዘጋ ጣቢያ ቦታው ባዶ ነው፣ የታፈነው ቦታው በጩኸት ተሞልቷል።

አጭር ሞገድ ከሰማይ እየነጠረ ስለሚጓዝ አፈናውም ድንበር ይሻገራል። የሬዲዮ አፍቃሪዎች ከኢትዮጵያ የሚነሳ የአፈና ጩኸት አውሮፓ ተቀምጠው መዝግበዋል። በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ማንም በኢንተርኔት ገብቶ የሚያዳምጥበት መቀበያ አለ። ስለዚህ መሣሪያ ያልገዛም መጀመር ይችላል።

ጥንቃቄም አለ። አንዳንድ ዲጂታል ስርጭት ስክሪን ላይ አፈና ይመስላል፤ ያየነውን ሁሉ «ታፈንን» ብለን ብንጮህ ታማኝነታችንን እናጣለን። ቀን፣ ሰዓት፣ የሞገድ ቁጥርና ቦታ ይመዝገብ። ሰዓታችን እንዳይምታታም በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁን፤ በኢትዮጵያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት በዓለም አቀፉ 16 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ያየውን በሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው ያረጋግጥ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ የአገሩን ሕግ ሳታውቁ መሣሪያ አትግዙ። አገር ቤት ያለውን ወንድማችንንም «አንተ መዝግብልን» ብለን አደጋ ላይ አንጣለው፤ ከውጭ የሚታየውን እኛው እንመዝግብ።

ይህ መሣሪያ አፈናን አያስቆምም። ምስክር ግን ይሆናል። እኛ የዳያስፖራ ጣቢያዎች ለሳተላይት ኪራይ ሕዝባችንን ስንት ጊዜ እጅህን ዘርጋ ብለናል። ስርጭታችን ሲታወክ ግን በእጃችን የነበረው ማስረጃ የተመልካች ስልክ ብቻ ነበር። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለእንደዚህ ያለ ሥልጠና ቢውል፣ በየከተማው ሁለት ሦስት ልጆች ቢያውቁት፣ ነገ ለሚመለከተው ዓለም አቀፍ አካል የምናቀርበው አቤቱታ ሰነድ ይኖረዋል።

እኚያ አባት ሲወጡ ከአንደኛው ወጣት ጋር ስልክ ተለዋውጠዋል። እሳቸው የድሮ ጣቢያዎችን ሰዓት ያስተምሩታል፤ እሱ ላፕቶፑን ያስተምራቸዋል። እንዲህ ያለውን ጥንድ ያብዛልን።

ቸር ወሬ ያሰማን። ቸር እንሰንብት።