አንድ ጥፋት፣ ሁለት ፍርድ፦ የትዳር ድራማና ተመልካቹ ከውቤ በረሃ እስከ ኮንዶሚኒየም



ዛሬ የምናገረው ስለ ተመልካች ነው። ትዳርና ውስልትና ላይ የተሠራ ድራማ ባየን ማግስት፣ ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ የምንሰጠው አስተያየት ለማን ይራራል? በማንስ ላይ ይጨክናል? ጥያቄውን ፒያሳ ላይ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቲያትር ያለው እዚሁ ነው፤ ከእርሱ ብዙም ሳይርቁ ደግሞ ውቤ በረሃን ያገኛሉ። አንደኛው ትዳር በመድረክ የሚታይበት ቤት፣ ሁለተኛው ትዳር በሌሊት የሚረሳበት ሰፈር ነበር። በሁለቱም የሚገኘው ሰው ግን ያው ነበር።

የምሟገትለት ሐሳብ አጭር ነው። ተመልካቻችን ጎበዝ ዳኛ ነው፤ ነገር ግን ለባል አንድ፣ ለሚስት ሌላ ሚዛን ይዞ ይቀመጣል። ያ ሚዛን ቴሌቪዥን ይዞት የመጣ ነገር አይደለም፤ ተሠርቶ የቆየው እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሰፈሩ ልጀምር።

ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው በአንድ ወቅት የዘውዲቱ ምኒልክ ባል ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በተለይም በ1950ዎቹ፣ የአዝማሪ ቤቶች፣ የጠጅ ቤቶችና የቡና ቤቶች መናኸሪያ ሆነ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ መኮንኑ፣ ነጋዴውና የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አንድ ጣራ ሥር ይጠጡ ነበር። ከመካከላቸው ባለ ትዳሩ ጥቂት አልነበረም። ዘመኑን የኖሩ ሰዎች ዛሬ ሲያወጉ የአዝማሪውን ቅኔ፣ የጠቡን ድምቀት፣ የአለባበሱን ማማር ያነሣሉ። ራቱን ከድና እስከ ንጋት የጠበቀችው ሚስት ግን ከትዝታው ውስጥ የለችም። ያስተናገደችው ሴት ደግሞ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሰፈሩ ዕቃ ትወሳለች።

ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ለእነዚያ ሴቶች ስምና አንደበት ሰጥቶ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለውን ልቦለድ ሲጽፍ፣ መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ማተሚያ ቤት ሳይገባ ቆየ። ባለ ትዳሩ ሌሊቱን እዚያ ማደሩ ያላስደነገጠው ማኅበረሰብ፣ ሌሊቱ ሲጻፍ ደነገጠ። በኋላ የ1966ቱ አብዮትና የሰዓት እላፊው ዐዋጅ የውቤ በረሃን ሌሊት አዳፈኑት። ሚዛኑ ግን አብሮ አልጠፋም፤ ወደ መድረክና ወደ ስክሪን ተሻገረ።

መድረኩ ትዳርን ቀደም ብሎም ያውቀዋል። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ጋብቻን በሳቅ መርምሯል። ተመልካቹ በጠለፋም በመደብ ልዩነትም ላይ ሊስቅ ፈቃደኛ ነበር፤ ከውስልትና ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በጥቁርና ነጭ ሲቀርብ፣ አዘጋጆቹ የቡና ቤት ሴትን ሕይወት የታሪካቸው መሐል አደረጉት። የፊልሙ ርዕስ ራሱ ጥያቄውን ከሴቲቱ አንሥቶ ወደ ወንዱ ያዞራል፦ አባትየው ወዴት አለ? ከዚያ ወዲህ በርካታ ድራማዎች ይህን ጥያቄ የማንሣት ድፍረት አላሳዩም።

አሁን ወደ ሬዲዮ እንለፍ፤ የአድማጭ አስተያየት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በደንብ የታየው እዚያ ነውና። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በዶክተር ንጉሤ ተፈራ መሪነት ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል ተላልፏል። ጊዜው ኤችአይቪ በየቤቱ ሐዘን ያስቀመጠበት፣ «አንድ ለአንድ መወሰን» የሚለው ምክር ከግድግዳ እስከ ሬዲዮ የተለጠፈበት ነበር። ውስልትና የሐሜት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ከ15,000 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ከአድማጮች ወደ አዘጋጆቹ ጎረፉ። ድርጅቱ ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ ድራማውን ካደመጡት መካከል ለኤችአይቪ የተመረመሩት ወንዶች ካላደመጡት በአራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ በሦስት እጥፍ በልጠው ተገኝተዋል።

ይህ እንዴት ሆነ? ድራማው የተጻፈው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባዳበረው ዘዴ ነበር። በዚህ ዘዴ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ፤ መልካሙ፣ ክፉውና በሁለቱ መካከል የሚዋልለው። ልቡ የሚከፈለው፣ የሚሳሳተው፣ የሚጸጸተውና ዳግም የሚሳሳተው ይህ ሦስተኛው ነው። አድማጩ በክፉው ላይ ፈርዶ ሬዲዮውን ዘግቶ መተኛት ይችላል። በሚዋልለው ሰው ላይ ለመፍረድ ሲነሣ ግን ፍርዱ ወደ ራሱ ይመለስበታል፤ ነገ ማለዳ ወደ ምርመራ ጣቢያ የሚሄደውም ያኔ ነው።

የቴሌቪዥኑ ዘመን ያወረሰን ከዚህ ተቃራኒውን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አድነው ወንድይራድ የጻፈው «ገመና»፣ ተከትሎም «ሰው ለሰው»፣ አገሩን በአንድ ጣቢያ ፊት አስቀመጡት። ሁሉም ያንኑ ክፍል ያያል፤ በማግስቱም ሁሉም በዚያው ላይ ይሟገታል። ተዋናዩን አበበ ባልቻን ብዙ ሰው ከስሙ ይልቅ በተጫወተው ገጸ ባሕርይ ስም «አስናቀ» እያለ መጥራቱ፣ ተመልካቹ ምን ያህል ከልቡ ይዞት እንደነበር ያሳያል። ነገር ግን በእነዚህና ከእነርሱ በኋላ በመጡት ድራማዎች ላይ የሚሰማውን አስተያየት ልብ ብለን እናድምጥ። ባል ሲወሰልት «ሰይጣን አሳስቶት ነው»፣ «እሷም እኮ ትነዘንዘው ነበር»፣ «ለልጆቹ ሲል ይመለሳል» ይባላል። ሚስት ስትወሰልት «ምን አጥታ?» ይባላል፤ ጥያቄው ራሱ ፍርድ ነው። የባልየው ውሽማ ደግሞ ስሟ «ቤት አፍራሽ» ነው። ቤቱን ከውስጥ የከፈተው ባለቤቱ መሆኑን የሚያነሣ ብዙ የለም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲቀርቡ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ ባህል ይበረዛል ተባለ። በዚያው ሳሎን ግን ተመልካቹ ለቱርኳ ሚስት ያለቅስ፣ ከባሏ ብትለይም ይደግፋት ነበር። በአማርኛ ስም የምትጠራዋን ሚስት «ታገሺ» የሚለው ይኸው ተመልካች ነው። የሩቅ ሰው ላይ ስንፈርድ ሚዛናችን ይስተካከላል፤ የራሳችን ቤት ሲመስለን ይዛባል። በእኔ እይታ ክርክሩ ስለ ቱርክ ባህል ከነበረው ይልቅ፣ ለራሳችን ሚስቶች ስለምንነፍገው ርኅራኄ የነገረን ይበልጣል።

የድራማን መጨረሻ የሚያስለውጥ ጫና በሌላ አገርም ታይቷል። ሄንሪክ ኢብሰን በ1879 (እ.ኤ.አ.) «የአሻንጉሊት ቤት» የተባለውን ተውኔት ሲያቀርብ፣ ኖራ የተባለችው ሚስት በመጨረሻ ባሏንና ልጆቿን ትታ ትወጣለች። በጀርመን ኖራን ልትጫወት የነበረችው ተዋናይ ይህን አልጫወትም አለች። ኢብሰን ሌሎች እንዳያበላሹበት ሰግቶ፣ ኖራ በልጆቿ በር ላይ ተንበርክካ የምትቀርበትን ሌላ መጨረሻ በራሱ እጅ ጻፈ፤ በኋላም ክፉኛ ኮነነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። የእኛዎቹ ጸሐፊዎችም ይህ ፈተና አለባቸው፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ባል ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሚስት እያለቀሰች ትስማማለች፣ ተመልካቹም «እሰይ» ብሎ ይተኛል። ሽምግልና የከበረ ሥርዓት ነው። ተበዳይዋ ሳትናገር የሚያልቅ ሽምግልና ግን በድራማም በኑሮም ዕርቅ ሊባል አይችልም።

የሚያስገርመው ሕጋችን ከተመልካቻችን ቀድሞ መሄዱ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እርስ በርስ መተማመን እንዳለባቸው ለሁለቱም በእኩል ቃል ደንግጓል፤ ለመፋታትም አንዱ ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳትን አይጠይቅም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 652 አመንዝራነትን በተበዳዩ ተጋቢ አቤቱታ የሚያስቀጣ ሲያደርግ ወንድና ሴት አይለይም። በወረቀት ላይ ሚዛኑ አንድ ነው። ሁለት የሆነው ሳሎናችን ውስጥ ነው።

ሳሎኑም ተለውጧል። በፒያሳ ግቢዎች አንድ ቴሌቪዥን ለብዙ ቤተሰብ ይበቃ ነበር፤ ጥግ የተቀመጡት እማማ «ቆይ እንጂ፣ እሱስ?» ብለው ፍርዱን ሊያስቀለብሱ ይችሉ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ነባሮቹ የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ፣ ከዚያ ቀደምም ኮንዶሚኒየም ሲስፋፋ፣ ያ ጉባኤ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ዛሬ ባልና ሚስት በአራተኛ ፎቅ፣ የጎረቤታቸውን ስም ሳያውቁ፣ ያውም አንዳንዴ እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ያያሉ። ጭቅጭቃቸውን ሰምቶ በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። የቀረው ድራማው ነው፤ ለብዙ ጥንዶች ጎረቤትም ሽማግሌም እርሱ ሆኗል። የድራማ ጸሐፊውን ኃላፊነት የሚያከብደው ይህ ነው። እውነተኛው የዳርቻ ትዳር ደግሞ በስክሪን ላይ ገና አልታየም። ድራማው ዛሬም ባለ ሰፊ ሳሎን ቪላ ውስጥ ውስኪ እየቀዳ ነው፤ ተመልካቹ «ይህ የማን ቤት ነው?» ሲል የሚያጉረመርመው እውነቱን ነው። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ምክንያት ላይ ላዩን የጸና፣ በቤት ኪራይ ምክንያት መፋታት ያቃተው፣ ከዳርቻ እስከ መሥሪያ ቤት በሚፈጀው መንገድ ፍቅሩን የጨረሰ ትዳር ጸሐፊውን እየጠበቀ ነው።

ለጸሐፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚዋልለውን ሰው ጻፉልን። ባልየው የዋሸበትን እያንዳንዱን ምሽት በደንብ አሳዩ፤ ውሽማውም እናትና ኪራይ ያላት ሰው ትሁን፤ ሚስትም ከመታገሥ ሌላ ሐሳብ ይኑራት።

ለእኛ ለተመልካቾች ደግሞ ቀላል ፈተና አለኝ። በሚቀጥለው ክፍል ፍርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ባልና ሚስቱን በሐሳባችሁ አቀያይሯቸው። እርሱ ያደረገውን እርሷ አድርጋው ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እንል ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ፍርዱ ፍርድ ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ግን የገመገምነው ድራማውን አልነበረም፤ ሌሊቱ ለወንዱ ተፈቅዶ ለሴቷ ስም ይወጣላት የነበረበትን የውቤ በረሃን ሕግ ዛሬም እያስከበርን ነው።