«ይቁም» የሚል ሥልጣን፦ የኑክሊየር ጣቢያ ቁጥጥርና የሕዝብ ደኅንነት

(በደብረ ታቦር ለመሐንዲሶች የቀረበ ንግግር)



ከዚህ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋፋት፣ በ1859 ዓ.ም. ግድም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ሠሪዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ እንጂ መድፍ የማቅለጥ ልምድ አልነበራቸውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አዘዙ፤ ትእዛዛቸውም ተፈጸመ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነው መድፍ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት እየተጎተተ ስድስት ወር ገደማ ተጉዞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። የዚህ ሥራ ገናናነት ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ሊነገርም ይገባዋል። መሐንዲስን የሚያሳስበው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አዛዡም፣ ከፋዩም፣ ተጠቃሚውም፣ ሥራውን መርምሮ የሚረከበውም አንድ ሰው በሆነበት ቦታ «ይህ ቅርጽ አይጸናም፤ ሥራው ይቁም» ለማለት የሚችል ማን ነበር?

ጥያቄው የጥንት ሆኖ አልቀረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ኢትዮጵያ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ለመሥራት ማቀዷ በይፋ ተነገረ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአቶሚክ ኃይል ሰላማዊ አጠቃቀም ላይ ሁለቱ መንግሥታት ሶቺ ላይ ተስማምተው ነበር። ይህ ሁሉ ሲነገር ጣቢያው በደቡብ ጎንደር ደጋ ይተከላል ማለት አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 የቼርኖቢል ሪአክተር በፈነዳ በሁለተኛው ቀን፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው በስዊድኑ የፎርስማርክ ጣቢያ ብክለቱ በሠራተኛ ጫማ ላይ ተገኝቷል። በዚህ ርቀት ሲለካ ከደብረ ታቦር «ሩቅ ነው» የሚባል የአገር ክፍል ብዙ አይገኝም።

አደጋው ምን ዓይነት እንደሆነ ለመረዳት ሦስት መሣሪያዎችን ጎን ለጎን ማሰብ ይበቃል። በየሆስፒታሉ የሚገኘው የራጅ መሣሪያ ጨረራ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ አደጋውም አብሮ ይጠፋል። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ኮባልት 60 ግን ማብሪያ የለውም። መስኮቱ ይዘጋል እንጂ ምንጩ ሌት ተቀን ይፈነጥቃል፤ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰውም ከአምስት ዓመት ከሩብ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል፣ በጎያንያ ከተማ፣ ሥራውን በተወ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የሲዚየም ምንጭ እንደ ቁራሌው ባሉ ሰዎች እጅ ገብቶ ተፈለቀቀ፤ 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100,000 የሚበልጥ ሕዝብም መመርመር ግድ ሆነ። የጎደለው ረቂቅ ሳይንስ አልነበረም፤ ምንጩ የት እንዳለ መዝግቦ፣ ሄዶ የሚያይ ሰው ነበር።

ሦስተኛው ሪአክተር ነው። 1,200 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ጣቢያ ከ3,000 ሜጋ ዋት በላይ ሙቀት ያፈልቃል። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ገብተው የአቶሙ መሰንጠቅ በሰከንዶች ውስጥ ቢቆምም፣ በነዳጁ ውስጥ የተጠራቀሙት ስብርባሪዎች መፈራረሳቸውን አያቆሙም። በመሆኑም «ቆመ» በተባለበት ቅጽበት የሙሉው ሙቀት 6 ከመቶ ያህል፣ ይኸውም ወደ 200 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ትኩሳት ይቀራል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከሚሰጠው 73 ሜጋ ዋት ጋር ሲነጻጸር፣ ሥራ ፈታ የተባለው ሪአክተር ምን ያህል እንደሚፋጅ ይታያል። ከአንድ ቀን በኋላም ግማሽ ከመቶ ገደማ አለ። ይህን ሙቀት የሚወስድ ውኃ፣ ውኃውንም የሚገፋ ኃይል ለሳምንታትና ለወራት ሊቋረጥ አይገባም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 በፉኩሺማ የሆነው ይኸው ነበር። የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ በሥራ ላይ የነበሩት ሪአክተሮች እንደታቀደው ቆመዋል፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር ተቋረጠ፤ ተጠባባቂዎቹን የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የባሕሩ ማዕበል አሰጠማቸው፤ በሦስት ሪአክተሮች ውስጥ ነዳጁ ቀለጠ። በደጋው ከተሞች መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፣ ሻማ ይበራል፤ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ነገሩ ይረሳል። ለኑክሊየር ጣቢያ ግን የመስመሩ መቋረጥ ራሱ የአደጋው መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ሪአክተሩ ዓይነት ከመከራከር በፊት ስለ ማስተላለፊያ መስመሩ መጠየቅ ይቀድማል። ይህን የሚጠይቅ ግን ብዙ አይሰማም።

ወደ ጋፋት ጥያቄ እንመለስ። በአሜሪካ የአቶሚክ ኃይልን የሚያስፋፋውና የሚቆጣጠረው አንድ ኮሚሽን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ተከፈለና ተቆጣጣሪው ራሱን ቻለ። ጃፓን ግን ተቆጣጣሪዋን ኢንዱስትሪውን በሚያበረታታው ሚኒስቴር ጓዳ አኑራ ቆይታ፣ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ያቋቋመችው ከአደጋው በኋላ በ2012 ነው። በ1994 የተፈረመው የኑክሊየር ደኅንነት ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ ሁለቱ ሥራዎች እንዲለያዩ ያዛል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2009 ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቷን አቋቁማ የግንባታውን ውል የተዋዋለችው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። የባራካ የመጀመሪያው ክፍል በ2017 ይጀምራል ተብሎ ሳለ፣ የማሠሪያ ፈቃዱ የተሰጠው በየካቲት 2020 ነበር። ለመዘግየቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሠራተኞቹ ሥልጠና አለመጠናቀቅ ነው። ለባለ ገንዘቡ እንዲህ ያለው መዘግየት ኪሳራ ነው፤ ለጎረቤቱ ሕዝብ ግን ተቆጣጣሪው በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 571፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኑክሊየርን ጭምር በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1025 ሕጉ ታደሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተጠቃለለ፤ ይህም ሲዋቀር ተጠሪነቱ ቴክኖሎጂን ለሚያስፋፋው ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ። ለራጅ ክፍል ፈቃድ ይህ አደረጃጀት ያገለግል ይሆናል። የብዙ ቢሊዮን ብር ግንባታን በአንድ ደብዳቤ ለማስቆም ግን አይበቃም፤ የበላዩ ፕሮጀክቱ እንዲፈጥን የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ብዕሩን ሲያነሣ እጁ ይከብደዋል። በደመወዝም ቢሆን፣ የሻጩን ስሌት በራሱ ስሌት የሚፈትሽ የፊዚክስ ሰው ሻጩ ራሱ ቀጥሮ እንዳይወስደው ሆኖ ሊከፈለው ያስፈልጋል።

የሕዝብ ደኅንነት ሲባል ደግሞ ነገሩ ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ እስከ ፋርጣ ገበሬ ጓዳ ይደርሳል። ከቼርኖቢል በኋላ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ በሕፃንነታቸውና በጉርምስናቸው ከተጋለጡት መካከል እስከ 2005 ከ6,000 በላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ተመዝግቧል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ላሞች የተበከለ ሣር ግጠው ልጆች ወተቱን መጠጣታቸው ነበር። አዮዲን የጎደለው ሰውነት ጨረራ ያለበትን አዮዲን ይበልጥ ይስባል፤ እንቅርት ለደጋው ሰው እንግዳ ባለመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ ግን ከፊሉ በቤት አለ። አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ80 ቀን ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወተቱ ለልጅ ከሚሰጥ ይልቅ ተንጦ፣ ቅቤው ተነጥሮ ሁለት ሦስት ወር ቢቀመጥ ከአዮዲኑ አደጋ ይድናል። 30 ዓመት ቆይቶ በግማሽ የሚቀንሰው ሲዚየም በአብዛኛው ወደ አሬራው ስለሚሄድ፣ አሬራውን ለልጅም ለጥጃም መስጠት አይገባም። የትኛው ወተት እንደሚናጥ፣ የትኛው እንደሚደፋ ግን በዓይን አይለይም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ይህን የሚለይ መለኪያ፣ መለኪያውን የሚያነብ ሰው፣ «ዛሬ ወተት ለልጅ አይሰጥ» ብሎ በቀበሌውና በሬዲዮ የሚያውጅበት በጽሑፍ የተሰጠ ሥልጣን፣ የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከተማ መገኘት ይኖርበታል።