ሰባኪውን ማን ወታደር አደረገው?

/ይህ ጽሑፍ ለፊልም ወዳጆች ስብሰባ በንግግር መልክ የቀረበ ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥረነዋል።/



«መጽሐፉ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?» የሚለው ሙግት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ግን መጽሐፉን ነፍስ ዘርቶበት አነበበልን እንጂ ሰብለን ወንድ፣ በዛብህን ነጋዴ አላደረገብንም። ፊልም ሠሪ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ የአንዱን ራስ ለሌላው አንገት ይገጥማል። «መብቱ ነው» የሚሉ አሉ፤ «ክህደት ነው» የሚሉም አሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ከመቀበሌ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የተቆረጠው ምንድን ነው? ጨርቁ ነው ወይስ ሥጋው?

ለዛሬ ያመጣሁላችሁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2003 ለእይታ የበቃው «ኤክስ ሜን 2» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። «ያ ከእጁ ቢላዋ የሚያወጣው ሰውዬ ነው?» ብላችሁ ፈገግ የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ እሱው ነው! ሳቁ ግድ የለም። ነገር ግን ይህ ለልጆች ነው የሚባል ፊልም የተቀዳበት በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ስለ ጥላቻ የሚያነሳው ነገር ቀላል አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው

ኤክስ ሜን የሚባሉትን ገጸ ባሕርያት እ.ኤ.አ. በ1963 የፈጠሯቸው ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ ናቸው። «ሚውታንት» ይሏቸዋል፤ ከተፈጥሮ ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ሰዎች ማለት ነው። ኃይሉን ገዝተው ወይም ሠርተው አላገኙትም። በትውልድ ነው የመጣባቸው፤ የሚጠሉትም በትውልዳቸው ነው። በ1975 አዲስ ቡድን ሲመሠረት ከኬንያ፣ ከጀርመን፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከካናዳ የመጡ ሰዎች ተሰበሰቡበት። ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ 1991 ድረስ ታሪኩን ሲጽፍ የኖረው ክሪስ ክሌርሞንት የተባለ ደራሲ ነው።

ይኸው ክሌርሞንት ከሠዓሊው ብሬንት አንደርሰን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «እግዚአብሔር ይወዳል፣ ሰው ይገድላል» ይሆናል። «ኤክስ ሜን 2» በዋናነት የተቀዳው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ሲከፈት ሌሊት ነው። ሁለት ጥቁር ሕፃናት፣ እህትና ወንድም፣ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ይሮጣሉ። የሚያሳድዷቸው ራሳቸውን «አጥሪዎች» ብለው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ተገደሉ። ሬሳቸውም ነግቶ ተማሪው ሁሉ እንዲያየው በትምህርት ቤት ዥዋዥዌ ላይ ተሰቀለ። ለልጆች የተጻፈ ነው ያላችሁ እስቲ አሁን እጃችሁን አውጡ!

ታዲያ ከገዳዮቹ ጀርባ ያለው ማን ነው? የጦር መኮንን ነው? እብድ ሳይንቲስት ነው? አይደለም። ዊልያም ስትራይከር የሚባል ሰባኪ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ፣ ሱፍ በገላው፣ ቴሌቪዥን በአገልግሎቱ። ከኤክስ ሜን አለቃ ከፕሮፌሰር ኤግዛቪየር ጋር በቴሌቪዥን ቀርቦ በጨዋ ደንብ ይከራከራል፤ ተመልካቹም ይወደዋል። ከክርክሩ በኋላ የእሱ ሰዎች ፕሮፌሰሩን መንገድ ላይ አድፍጠው ይጠልፉታል። አእምሮውን አጥበው፣ ከመሣሪያ ጋር አያይዘው፣ በዓለም ያሉ ሚውታንቶችን ሁሉ በእሱ ሐሳብ ኃይል ሊገድሉ ይነሳሉ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው የት መሰላችሁ? ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ በሺህ በሚቆጠር ምእመን ፊት!

ፊልሙ ምን አደረገ?

በብራያን ሲንገር ዳይሬክተርነት የተሠራው ፊልም የታሪኩን አጥንት ወስዷል። ስትራይከር አለ። የኤግዛቪየር መጠለፍ አለ። አእምሮውን ተቆጣጥሮ በእሱ ኃይል ሚውታንቶችን የመጨረስ ዕቅድ አለ። ጠላታቸው የነበረው ማግኒቶ ከኤክስ ሜን ጋር ለጊዜው ግንባር መፍጠሩም አለ። እስከዚህ ድረስ «ታማኝ ነው» ብንል አናፍርም።

ሰባኪው ግን የለም! በብራያን ኮክስ የተሠራው ስትራይከር የጦር መኮንንና ተመራማሪ ነው። መድረኩ የስታዲየም ጉባኤ መሆኑ ቀርቶ አልካላይ ሌክ በተባለ ሥፍራ፣ በግድብ ሥር የተደበቀ የጦር ሠፈር ሆኗል። ምእመኑ ቀርቶ ወታደር መጥቷል። ስብከቱ ቀርቶ የፕሬዚዳንቱ ፈቃድ መጥቷል።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በመጽሐፉም ስትራይከር ቀደም ሲል ወታደር ነበር። ሚስቱ ሚውታንት ሕፃን በወለደች ጊዜ ሕፃኑንም እናቱንም በገዛ እጁ ገደለ። ከዚያ በኋላ ነው ያደረገውን የፈጣሪ ፈቃድ አድርጎ ወደ ስብከት የገባው። እንግዲህ በመጽሐፉ ወታደርነቱን ጥሎ ሰባኪ ሆነ፤ በፊልሙ ስብከቱን አስጥለው ወታደርነቱን መለሱለት!

ልጁም በፊልሙ አልሞተም። ጄሰን ይባላል። አባትየው «አድኑልኝ» ብሎ ወደ ኤግዛቪየር ትምህርት ቤት ወሰደው። ኤግዛቪየር ደግሞ ይህ በሽታ አይደለምና ምን ብሎ ያድነው? ልጁ በቂም የእናቱን አእምሮ በክፉ ምስል ሞልቶ ራሷን እስክታጠፋ አደረሳት። አባትየውም ልጁን አደንዝዞ መሣሪያ አደረገው። አየተዋወቅን ከሆነ ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ፊልሙ ከመጽሐፉ የማይተናነስ ነገር ፈጥሯል። ልጁን ገድሎ ከሚረሳ አባት ይልቅ፣ ልጁን በሕይወት አስቀምጦ እንደ ዕቃ የሚጠቀምበት አባት ያስፈራል።

በሌላ በኩል የፊልሙ ስትራይከር ለጥላቻው የግል ምክንያት ተሰጠው። «ሚስቴን አጥቻለሁ» ይላል፤ ተመልካቹም «እንግዲህ ቢጠላ ምን ይገርማል» ይላል። በመጽሐፉ ግን ማንም አልበደለውም። በዳዩ ራሱ ነው። የጠላውም የገደለውን ላለመጸጸት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በደል ያመጣው ጥላቻ ሊታዘንለት ይችላል፣ ራስን ጻድቅ ለማድረግ የተፈጠረ ጥላቻ ግን መድኃኒት የለውም።

ሕዝቡስ የት ገባ?

የእኔ ዋና ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሰባኪ ሲወጣ ብቻውን አልወጣም። ሰሚውን ይዞ ነው የወጣው!

የጦር መኮንን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ወታደሩ ይፈጽማል። ተመልካች ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ክፉ መንግሥት! ክፉ ጦር!» ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ሰባኪ ግን ትእዛዝ መስጠት አያስፈልገውም። ያሳምናል። የሚያጨበጭበው ደግሞ ጎረቤት ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ባለሱቅ ነው። በመጽሐፉ የጉባኤው ትዕይንት ላይ ስትራይከር ሰማያዊውን፣ ባለጭራውን ናይትክሮለርን በጣቱ እያመለከተ «ይህ ሰው ነው ትላላችሁን?» በሚል መንፈስ ይጮኻል። ጥያቄው ለኤክስ ሜን አይደለም፤ ለተሰብሳቢው ነው፤ ገጹን ለገለጠው ለእኔና ለእናንተም ነው።

አን የምትባል የስትራይከር ታማኝ አገልጋይ አለች። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር አፍንጫዋ ደማ። ለካስ እሷም ሳታውቀው ሚውታንት ኖራለች! ስትራይከር ይህን ባየ ጊዜ ከመድረክ ገፈተራት፤ ወድቃም ሞተች። «የነሱ ዘር» እያለች ስታሳድድ የኖረች ሴት ራሷ ከነሱ ሆና ተገኘች። ከፊልሙ ውስጥ አንን ብትፈልጉ አታገኟትም።

ስትራይከርን መጨረሻ ላይ ያስቆመው ማን ነው? ኤክስ ሜን አይደሉም። ኪቲ በተባለች ገና ጉርምስና ላይ ባለች ልጅ ላይ ሽጉጥ ሲደግን፣ ለጥበቃ የቆመ አንድ ተራ ፖሊስ ተኩሶ ጣለው። ስሙ እንኳ አይነገርም። ልዩ ኃይል የለውም። ልጅ ስትገደል ዝም ብሎ አላይም አለ፣ በቃ! በእኔ ግምት የመጽሐፉ ልብ ይህ ፖሊስ ነው። በፊልሙ ግን ስትራይከር በሰንሰለት ታስሮ ግድቡ ሲፈርስ ውኃ ይወስደዋል። ኪቲም በግድግዳ አልፋ የምትሮጥ የአንድ አፍታ ልጅ ሆና ቀርታለች።

ለፊልሙ ጠበቃ ልቁምለት

አንድ ወገን ብቻ መስማት ፍርድ አይደለም። ፊልሙ የራሱ ድፍረት አለው። የወጣበትን ጊዜ አስቡ። የመስከረም 2001ዱ የሽብር ጥቃት ገና ከአሜሪካ ሕዝብ አእምሮ አልወጣም። የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ወር አልሞላውም። በዚያ ሰሞን «ፕሬዚዳንቱ በተፈጸመበት ጥቃት ፈርቶ፣ አንድ መኮንን ባቀረበለት ማስረጃ ትምህርት ቤት እንዲፈተሽ ፈቀደ፤ ወታደሮችም በሌሊት ሕፃናት የተኙበት ቤት ገቡ» የሚል ፊልም ማውጣት ቀላል ነው? ጥቃቱን ያቀነባበረው ራሱ መኮንኑ መሆኑን ስትጨምሩበት ወታደር የሆነው ስትራይከር ለዘመኑ የተሰፋ ልብስ መሆኑን እንረዳለን።

ሁለተኛ፣ ሃይማኖት ከፊልሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። አለን ከሚንግ የተጫወተው ናይትክሮለር አጥባቂ ካቶሊክ ነው። ይጸልያል፤ ለኃጢአቱ ምልክት ገላውን ነቅሷል። በመጽሐፉ እምነት በአሳዳጁ እጅ ዱላ ነበር፤ በፊልሙ የተሳዳጁ ምርኩዝ ሆነ። ምእመን እንዳይቀየም ነው ብዬ በፊልም ሠሪዎቹ ልብ ገብቼ አልፈርድም። ከአንድ መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት፣ በዓለም ዙሪያም ከአራት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም ግን በየአገሩ ላለው ገበያተኛ ሁሉ መሸጥ እንዳለበት ለመረዳት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ያ የጠፋው ሕዝብ በአንድ ትዕይንት ተመልሶ ብቅ ይላል። ቦቢ የተባለው ወጣት ሚውታንት መሆኑን ለወላጆቹ ሳሎን ተቀምጦ ይነግራል። እናቱ እንደ መጥፎ አመል ሊተወው ይችል እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ወንድሙ ደግሞ ፎቅ ወጥቶ ፖሊስ ይጠራበታል። ሰባኪ የለ፣ ጉባኤ የለ፤ እናትና ወንድም ብቻ! ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ለመጽሐፉ መንፈስ ግን ከግድቡ ፍንዳታ ሁሉ ይልቅ የቀረበው እሱ ነው።

የማግኒቶ ነገር

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በመጽሐፉ መጨረሻ ማግኒቶ ኤግዛቪየርን «ከእኔ ጋር ና፣ በኃይል እናሸንፋቸው» ይለዋል። መከራ ያየው ደጉ ፕሮፌሰርም ልቡ ይሸፍታል! ለመሄድ ይዳዳዋል። የሚመልሰው ተማሪው ሳይክሎፕስ ነው። በፊልሙ ማግኒቶ ያንኑ መሣሪያ አዙሮ ሰዎችን ሁሉ ሊፈጅበት ይሞክራል። ለዓይን የሚያጓጓ ነው፤ «ሁለቱም አንድ ናቸው» ብሎ ለመገላገልም ይመቻል። መጽሐፉ ግን መገላገያ አይሰጥም። የበቀል ፈተና የሚመጣው በክፉው ሰው በኩል ብቻ እንዳልሆነ፣ በደጉም ደጅ እንደሚያንኳኳ ነው የሚያሳየው።

እንግዲህ ፍርዴ ምንድን ነው? «ኤክስ ሜን 2» ጥሩ ፊልም ነው። ከብዙ ክፍል ሁለቶች ይሻላል፤ በ2006 ከመጣው ክፍል ሦስት ጋርማ አይወዳደርም። ለመጽሐፉ ሤራ ታምኗል። ለመጽሐፉ ክስ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሄደው። ባለሥልጣንን መክሰስ ድፍረት መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያጨበጭበውን መክሰስ ግን የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። ምክንያቱም ትኬት የሚገዛው እሱ ነው!

ስለዚህ ፊልሙን ያያችሁ መጽሐፉን ፈልጋችሁ አንብቡ። ስታነቡም ዓይናችሁን ከስትራይከር ላይ አንሱና የጉባኤው ሥዕል ላይ፣ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ፊቶች አንድ በአንድ ተመልከቱ። ክርክሩን ከዚያ በኋላ እንቀጥላለን።