ሰዓቱ የጎደለበት ሠራተኛና የሥራ አጥነት መድን
በሬኒየር ቢች ለማኅበረሰባችን አባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ፈጽሞ ሥራ ስላጣ ሰው አይደለም። ሥራ እያለው ሥራው ስለማይሞላለት ሰው ነው። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሬኒየር ቢች ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ በሁለተኛው ፌርማታ ሲታክ አየር ማረፊያ የሚወርደው የጽዳት ሠራተኛ ነው። የምትረዳቸው አዛውንት ሆስፒታል በገቡ ቁጥር ሰዓቷ የሚቋረጥባት የቤት ለቤት ተንከባካቢ ናት። በዚህ ሳምንት ሠላሳ ሰዓት፣ በሚቀጥለው አሥር ሰዓት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ «እንደውልልሃለን» የሚባለው የምግብ ቤት ሠራተኛ ነው። የቤት ኪራይ ግን ከሰዓት ጋር አብሮ አይቀንስም፤ ዕቁብም «በዚህ ሳምንት ሰዓት አልሰጡኝም» ለሚል አባል ዕጣውን አያዘገይም።

እንዲህ ያለውን ሰው «ስለ ምን የሥራ አጥነት ክፍያ አልጠየቅህም?» ብትሉት፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «ሥራ አለኝ እኮ!» የሚል ነው። በዚህች አጭር መልስ ምክንያት በየዓመቱ ለማኅበረሰባችን የሚገባ ገንዘብ ሳይጠየቅ ይቀራል። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ሥራ አጥነትን የሚተረጉመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በሳምንቱ ምንም ያልሠራና ምንም ክፍያ ያልተገባው ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ከሙሉ ጊዜ በታች የሠራና ገቢው ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ ያነሰ ሰው ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው በሕግ ፊት ለዚያ ሳምንት ሥራ አጥ ነው፤ ክፍያም ሊጠይቅ ይችላል።

ይህን ነገር መቀበል የሚከብደን ያለ ምክንያት አይደለም። ባደግንበት አገር የሥራ አጥነት መድን የለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የአማካይ የቀን ደመወዙ ሠላሳ እጥፍ ይከፈለዋል፤ ለቀጣዮቹ ዓመታትም ጭማሪ ይታሰብለታል። ስለዚህ በልባችን የቀረው ሥዕል አንድ ነው፦ ሰው ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ ተሰናብቷል፤ በመካከል ያለው ጉድለት ስም የለውም። በዚያ ላይ «ሥራ አጥ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ነቀፋ አለበት። ሠርቶ አዳሪ ሰው ያንን ስም በራሱ ላይ መለጠፍ አይወድም።

ነገር ግን ይህ ክፍያ ምጽዋት አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሥራ አጥነት መድን ሕግ በዊስኮንሲን በ1932 ወጣ፤ በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ለመላው አገር መሠረቱን ጣለ፤ የዋሽንግተን ስቴትም በ1937 የራሱን ሕግ አወጣ። በዚህ ስቴት ገንዘቡ የሚሰበሰበው አሠሪዎች በሠራተኞቻቸው ደመወዝ መጠን ከሚከፍሉት ግብር ነው። እናንተ አንድ ሰዓት በሠራችሁ ቁጥር በስማችሁ የሚገባ መዋጮ አለ ማለት ነው። ከዕድር የተከፈለውን ገንዘብ ምጽዋት የሚለው ማንም የለም፤ ይህንም እንደዚያው ቁጠሩት። የሥራ ፈቃድ ያለው ስደተኛ መብቱ የተጠበቀ ነው። ክፍያው በሥራ የተገኘ መድን እንጂ የድጎማ እርዳታ ስላልሆነ፣ በኢሚግሬሽን ጉዳይ «የመንግሥት ሸክም» ተብሎ እንደሚያስቆጥር የሚወራው ሊያስፈራችሁ አይገባም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ብቁ ነው የሚለው ነው። በመሠረታዊው ዓመት ውስጥ ቢያንስ 680 ሰዓት የሠራ ሰው ያስፈልጋል። መሠረታዊ ዓመት የሚባለው ከተጠናቀቁት የመጨረሻ አምስት ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው፤ በእነዚያ ሰዓቱ ካልሞላ የመጨረሻዎቹ አራቱ ይታያሉ። 680 ሰዓት በዓመቱ ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት ወደ አሥራ ሦስት ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ቦታ ጥቂት ጥቂት ሰዓት የምትሠሩ ሁሉ፣ የሁሉም አሠሪዎች ሰዓት ተደምሮ እንደሚቆጠርላችሁ አትርሱ። የሚቆጠረው ግን አሠሪው ለመንግሥት ያስመዘገበው ሰዓት ነው። በእጅ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚከፈለውና በወረቀት ያልሰፈረው ሥራ በመዝገቡ ላይ አይታይም። የክፍያ ማስረጃችሁን ጠብቁ፤ የሠራችሁትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጻፉ። ሰዓት ጎድሎ ከተገኘ ማስረጃ አቅርቦ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ይከፈላል የሚለው ነው። ሙሉው ሳምንታዊ ክፍያ የሚሰላው ከመሠረታዊው ዓመት ውስጥ ከፍተኛ ደመወዝ የተገኘባቸው ሁለት ሩብ ዓመታት ተወስደው፣ ከአማካያቸው 3.85 በመቶ ነው፤ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰንም አለው። በሳምንቱ የሠራ ሰው ከገቢው አምስት ዶላር ይተውለታል፤ ከቀረው ላይ 75 በመቶው ከክፍያው ይቀነሳል።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና በቁጥር እንየው። ሙሉ ሳምንታዊ ክፍያዋ 400 ዶላር የሆነ አንዲት እኅት እናስብ። በአንድ ሳምንት 205 ዶላር ሠራች። አምስቱ ሲነሣ 200 ይቀራል፤ የዚህ 75 በመቶ 150 ነው። ስለዚህ 250 ዶላር ይከፈላታል፤ ከደመወዟ ጋር 455 ዶላር ይሆንላታል። በሚቀጥለው ሳምንት 505 ዶላር ብትሠራ ተቀናሹ 375 ይሆናል፤ የሚከፈላት 25 ዶላር፣ ድምሩም 530 ነው። ገቢዋ ከ538 ዶላር ካለፈ ለዚያ ሳምንት ምንም አይከፈላትም። ጣሪያው የሙሉ ክፍያዋ አንድና አንድ ሦስተኛ እጥፍ ሲደመር አምስት ዶላር ነውና።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መሥራት ሁልጊዜ ከአለመሥራት ይሻላል፤ ድምሩ አይቀንስም። በዚያ ላይ ያልተከፈለው ገንዘብ አይጠፋም፤ ለዓመቱ ከተመደበው ጠቅላላ መጠን ላይ ስላልተነሣ ለሌላ ክፉ ሳምንት ይቆያል። ሁለተኛ፣ ትርፉ ግን ቀጭን ነው። ይህች እኅት 300 ዶላር ጨምራ ስትሠራ ኪሷ ውስጥ የጨመረው 75 ዶላር ብቻ ነው። ለዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት፣ ሳምንታዊው ሪፖርት ነው። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ይቆጠራል። ጥያቄው የሚቀርበው ሳምንቱ ካለቀ በኋላ፣ በድረ ገጽ ወይም በስልክ ነው። የሚነገረው ገቢ ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው ሲሆን፣ ቲፕም ይጨመርበታል። ከሁሉ በላይ፣ ገቢው የሚመዘገበው ገንዘቡ በተከፈለበት ሳምንት ሳይሆን ሥራው በተሠራበት ሳምንት ነው። ቼኩ በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣለት ሰው ቼኩን እስኪያይ ቢጠብቅ፣ ወይም የቼኩን ድምር በአንድ ሳምንት ላይ ቢጭን፣ መዝገቡ ይዛባል። ስለዚህ በየቀኑ የሠራችሁትን ሰዓት ጻፉ፤ ቅዳሜ ማታ ደምሩ፤ በሰዓት ክፍያችሁ አባዙ። የመጀመሪያው ብቁ ሳምንት የመጠበቂያ ሳምንት ስለሆነ አይከፈልበትም፤ ነገር ግን እርሱም ሪፖርት መደረግ አለበት።

መሥሪያ ቤቱ የእናንተን ቃል ከአሠሪው መዝገብ ጋር ያስተያያል። ልዩነት ሲገኝ ትርፍ የተከፈለው እንዲመለስ ይጠየቃል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ነው ተብሎ ከተወሰነ ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ቢሆን 15 በመቶ ቅጣትና የ26 ሳምንት እገዳ ያስከትላል። ጥፋቱ የእናንተ ካልሆነና መመለሱ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ዕዳው እንዲነሣላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

አራተኛው ለሥራ ዝግጁ መሆን ነው። ክፍያ ጠያቂው በየሳምንቱ ሦስት የሥራ ፍለጋ ተግባራት ማከናወንና መመዝገብ ይጠበቅበታል። ለሥራ ዝግጁ ላልነበረበት ለእያንዳንዱ ቀን ክፍያው በአንድ ሰባተኛ ይቀነሳል፤ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳምንቱ በሙሉ ይቀራል። እኛ ደግሞ ለቅሶ ስንቀመጥ በአንድ ቀን የማንነሣ ሕዝብ ነን። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥም እውነቱን መናገር ይገባል። አሠሪው ሰዓት ሲሰጥ አለመቀበልም በሪፖርቱ ላይ መነገር ያለበት ጉዳይ ነው። አሠሪው ሠራተኛ ላለማሰናበት የሁሉንም ሰዓት ከ10 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ «ሼርድ ወርክ» በሚባለው ፕሮግራም ከተመዘገበ ግን ሠራተኞቹ የሥራ ፍለጋ ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ አነስተኛ ድርጅት ያላችሁ ወገኖች ከማሰናበት በፊት ይህን ፕሮግራም አስቡበት።

አምስተኛው፣ ውሳኔው ሲከፋ ምን ይደረግ? ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን የይግባኝ ጊዜ አላችሁ። ይግባኙን የሚሰማው ገለልተኛ የአስተዳደር ዳኛ ነው። በዚህ ከተማ አንኢምፕሎይመንት ሎው ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት ለሠራተኞች ይቆማል። ይግባኙ እስኪታይ በየሳምንቱ ሪፖርት ማድረግን አታቋርጡ፤ ብትረቱም ሪፖርት ያላደረጋችሁበት ሳምንት ሊከፈላችሁ አይችልም። አስተርጓሚም ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የወላጁን የሕግ ጉዳይ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ስልኩ እንደተነሣ «አማርኛ» በሉ፤ ከዚያም ጠብቁ።

ወገኖቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ሕጉን እንዳለ ስለመጠቀም ነበር። ሕጉ ራሱ የሚጎድለውን ደግሞ መናገር አለብን። ድርጅታችን የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ያ አምስት ዶላር ነው። ከተቀናሽ ነጻ የሚተወው ገንዘብ ዛሬ በሲያትል ከአንድ ስኒ ማኪያቶ ብዙም አያልፍም። አየር ማረፊያ ደርሶ ለመመለስ የሚወጣው የመጓጓዣ ወጪ ብቻ ሊበልጠው ይችላል። ነጻ የሚተወው መጠን ከሙሉ ክፍያው ጋር የተያያዘ ድርሻ ቢሆን፣ ሰው ያገኘውን ጥቂት ሰዓት ለመሥራት ይበረታታ ነበር።

ሁለተኛው፣ የ17 ሰዓት ደንብ ነው። ሕጉ የትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ ለመፈለግ የሚፈቅደው፣ በመሠረታዊው ዓመት ቢያንስ 40 ሳምንት ለሠራና በየትኛውም ሳምንት ከ17 ሰዓት ላላለፈ ሰው ነው። ሰዓቷ ቋሚ ለሆነ ሠራተኛ ይህ ይስማማል። አሠሪዋ በበዓል ሰሞን አንድ ሳምንት ብቻ 22 ሰዓት ያሠራት እናት ግን፣ ዓመቱን ሁሉ አሥራ አምስት ሰዓት ብትሠራም፣ ከዚህ ደንብ ትወጣለች። ልጆቿን ማን እንደሚጠብቅላት ሳይጠየቅ የሙሉ ጊዜ ሥራ ለመቀበል ዝግጁ መሆን አለባት። ሰዓቱን የወሰነችው እርሷ አይደለችም፤ የሚጎዳው ግን እርሷን ነው። መለኪያው የአንድ ሳምንት ጫፍ መሆኑ ቀርቶ የዓመቱ አማካይ ይሁን እንላለን።

ሦስተኛው፣ የሥራ ሰዓት አስቀድሞ መታወቅ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሲያትል ደንብ የሥራ መርሐ ግብር ከ14 ቀን በፊት እንዲነገር ያስገድዳል። ነገር ግን የሚመለከተው በመላው ዓለም 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ትልልቅ የችርቻሮና የምግብ ድርጅቶች ነው። የጽዳት፣ የመኪና ማቆሚያና የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞቻችን ከአጥሩ ውጭ ናቸው።

አራተኛው፣ የሾፌሮቻችን ጉዳይ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ባወጣው ልዩ ፕሮግራም የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች የሥራ አጥነት ክፍያ አግኝተው ነበር። ያ ፕሮግራም በመስከረም 2021 መጀመሪያ ላይ አበቃ። በ2022 የወጣው የስቴቱ ሕግ ዝቅተኛ ክፍያና የሕመም ፈቃድ አስገኘላቸው፤ ነገር ግን ያ ሕግ የሥራ አጥነት መድንን አላካተተም። መንገዱ ጭር ሲል የሚደርስላቸው መድን ሊኖር ይገባል። ማድረግ እንደሚቻል አንድ ጊዜ ታይቷል፤ የቀረው ፈቃደኝነት ነው።

የስቴቱ ምክር ቤት በየዓመቱ ጥር ወር በኦሎምፒያ ይሰበሰባል። እንደራሴዎቻችን ስለዚህ ጉዳይ ከእኛ ካልሰሙ፣ ችግሩ የለም ብለው ቢያስቡ አንፈርድባቸውም። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ሰዓት የተቀነሰበት ሁሉ በዚህ ሳምንት ክፍያውን ይጠይቅ፤ የሚጠይቅ ሰው በበዛ ቁጥር ችግሩ በመንግሥት መዝገብ ላይ ይታያል። ደግሞም የደረሰባችሁን፣ ሰዓቱን፣ ደብዳቤውንና መልሱን በወረቀት አስፍራችሁ አምጡልን። እኛ የየሰዉን ስም ደብቀን ታሪኩን ለሕግ አውጪዎች እናደርሳለን።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ቅጹን አብረን መሙላት የምትፈልጉም፣ እዚሁ ቆዩ፤ አንድ ባንድ እናያለን።