ዕድሜው ከነጂው የሚበልጥ ታንክ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በሰው አገር ተወልዶ በእኛ አገር ስላረጀ አንድ ሽማግሌ ነው። እርሱም ቲ-55 የተባለው ታንክ ነው። ሶቪየት ኅብረት መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ክብደቱ 36 ቶን፣ መድፉ ባለ 100 ሚሊሜትር ነው። ሠራተኞቹ 4 ናቸው፤ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ነጂ።

የጎጃም ሰው ከታንክ ጋራ የተዋወቀው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ከጎጃም የዘመተው የራስ እምሩ ጦር በሽሬ በኩል ደንበጉና ላይ የጣልያንን ትናንሽ ታንኮች ገጠመ። መትረየሳቸው የሚተኩሰው ወደ ፊት ስለ ነበረ፣ ዘማቾቹ በጎንና በኋላ እየገቡ ድል ነሷቸው። አዲሱ ብረት እንኳ የማያይበት ጎን ካለው፣ ያረጀውማ ምን ይሆን?

በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋራ የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ኤም-41ና ኤም-60 ታንኮቻችን የመለዋወጫ ችግር ገጠማቸው። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የሶቪየት ታንክ በብዛት ገባ። ይሁን እንጂ ታንክ ለገዛው ሳይሆን ለያዘው ያድራል። በ1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ ብዙ ታንክ ተማረከ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባውም ከደርግ በማረካቸው ታንኮች ነበር። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ቲ-55 በሁለቱም ወገን ተሰልፏል። በ2003 ዓ.ም. 200 ቲ-72 ታንኮች ከዩክሬን ለመግዛት ውል ተፈረመ፤ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ግን አሮጌውንም ተተኪውንም አቃጠለ።

ሽማግሌው ለምን ጡረታ አይወጣም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት ታንኮች አንዱ ስለ ሆነ መለዋወጫው አይጠፋም፤ ቢጠፋም ከአንዱ ተፈትቶ ለሌላው ይገጠማል። ራስዋ ሩስያም በ2015 ዓ.ም. ለዩክሬን ጦርነት እነዚህን ታንኮች ከመጋዘን አውጥታለች።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ፣ አየሩ ስስ በሆነበት፣ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ጥይቱ የሚቀመጠው ከሠራተኞቹ አጠገብ ስለ ሆነ፣ የዛሬው ፀረ ታንክ ሚሳይል ወይም ድሮን ብረቱን ከበሳው እሳቱ የሚያገኘው ሰዎቹን ነው። ነጂው ደግሞ የእኛ እኩያ ነው፤ ታንኩ ግን የአባቱ እኩያ ነው። ለታንኩ መለዋወጫ አለው፤ ለልጁ ግን መለዋወጫ የለውም።

ይህን የምንለው ከሩቅ ሆነን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት የጎጃምን ገበሬና ተማሪ ደጅ አንኳኵቷል። በዚህም ወገን በዚያም ወገን የሚወድቀው የአንዲት እናት ልጅ ነው። ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሰው ሁሉ ስለ መሣሪያው ብዛት ሲከራከር፣ እኛ በእያንዳንዱ ታንክ ውስጥ የተቀመጡትን አራቱን፣ ከፊቱም የቆሙትን እንቍጠር። አገራችን የሽማግሌ ድኻ አይደለችም። ሽማግሌ ማሰለፋችን ካልቀረ፣ የሚያስታርቀውን እናሰልፍ።